ሻዝሊ ብቻውን ያወጣው ካሴት

በፖርት ሰይድ፣ ሰውንና መኪናን በቦዩ ላይ ከዳር ዳር በምታመላልሰው ማሻገሪያ መርከብ ላይ፣ ሻዝሊ የሚባል ገመድ ጣይ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ መርከቧ ወዲህኛው ዳር ስትደርስ ገመዱን ይጥላል፣ ወዲያኛው ዳር ስትደርስም ገመዱን ይጥላል። በመካከሉ ያለው ጊዜ የራሱ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች በዚያ መካከል ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። ሻዝሊ ግን የሞተሩን ምት እየሰማ ዘፈን ያወጣል። ሞተሩ አርጅቶ በተንቀራፈፈ ጊዜ የሻዝሊ ዘፈኖችም ተንቀራፍፈው ሐዘንተኛ ሆኑ፤ ሞተሩ የተጠገነ ሰሞን ደግሞ ሰርግ ቤቱን ሁሉ የሚያስጨፍር ዘፈን አወጣ። ሚስቱ በድሪያ፣ "ባሌ ምን ያህል እንደሚወደኝ ማወቅ ሲያምረኝ መካኒኩን እጠይቃለሁ" ትላለች።

ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል። ከላይም ከታችም ቀጭን ሆኖ፣ መካከሉ ላይ ብቻ በድሪያ ለምታበስለው ሩዝ ምስክር የሆነ ክብ ሆድ አለው። እጆቹ በገመድ ከመሻከራቸው የተነሳ በድሪያ የሐር ሻርፗን እንዲያቀብላት አትጠይቀውም፣ ክሩ ይያዝበታላ። እነዚያው እጆች ግን ሲምሲሚያ ሲይዙ ሕፃን እንደሚያጥቡ ሆነው ይለሰልሳሉ። ሲምሲሚያዋ ክራር ትመስላለች፤ ድምጿ ግን ከክራር ቀጠን፣ ጠባይዋም ቀበጥ ያለ ነው። አባቱ ከወደብ ካገኘው የዕቃ ሣጥን የሠራት ስለሆነች ከጀርባዋ እስከ ዛሬ የማን አገር እንደሆነ የማይታወቅ ግማሽ ፊደል ይታያል። የምታድረው በድሪያ ከሩዝ ጆንያ በሰፋችላት ከረጢት ውስጥ ነው።

ከዘፈኖቹ ሁሉ የታወቀው "ገመዱን ያዢው" ነው። በጦርነት ተሰድዶ የነበረው የከተማው ሰው የተመለሰ ሰሞን፣ በድሪያ ገና ያባቷ ቤት፣ ከቦዩ ማዶ ፖርት ፉዓድ ሳለች ያወጣው ነው። ዘፋኙ፣

ገመዴን ጣልኩልሽ፣ ከመርከቤ ሆኜ፣

ሲል፣ የተሰበሰበው ሰው፣

ያዢው እንጂ፣ ያዢው!

ብሎ ይቀበላል።

ቦዩ ምን ሊሆነኝ፣ አንቺን ተማምኜ፤

ያዢው እንጂ፣ ያዢው!

ማዶ ለማዶ ስል፣ ስመላለስ ውዬ፣

ያዢው እንጂ፣ ያዢው!

ገመዴ ራሰብኝ፣ አንቺን ያዢው ብዬ።

ይህን ዘፈን የማያውቅ ሰው በፖርት ሰይድ የለም። የማን እንደሆነ የሚያውቅም እንደዚሁ የለም ማለት ይቻላል። ልጅ ሲገረዝ ይዘፈናል፣ ሙሽራ ሄና ስትቀባ ይዘፈናል፣ ዓሣ አጥማጆች መረብ ሲጎትቱ ይዘፈናል። ሁሉም የአባቶቹ ዘፈን ይመስለዋል። አንድ ጊዜማ በአንድ ሰርግ ላይ፣ ትልቅ መልሕቅ የተጠለፈበት ሹራብ የለበሰ ሰው ዘፈኑ እንዳለቀ ሻዝሊን በክርኑ ነካ አድርጎ፣

"ወንድሜ፣ ቃሉን አበላሸኸው። 'ራሰብኝ' አይደለም፣ 'ረዘመብኝ' ነው" አለው።

"እንዴት አወቅህ?" አለ ሻዝሊ።

"አያቴ ሲዘፍኑት እየሰማሁ ነዋ ያደግሁት! ነፍሳቸውን ይማርና ከስደቱ በፊት ነው የሞቱት።"

"ዘፈኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያውም ከስደት ከተመለስን በኋላ።"

ሰውየው እንዳዘነለት ሁሉ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ "አይዞህ፣ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል" ብሎት ወደ ሩዙ ሄደ።

ሻዝሊ ይህን ለበድሪያ ሲነግራት ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ሻዝሊ ግን ያን ቀን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ከዚያ በኋላ ስሙን አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ ከዘፈኑ ጋር ሲጠራ መስማት አማረው። ትልቅ ነገር አልፈለገም። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሐሙስ ሐሙስ ፀሐይ ስትበርድ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለው ሻይ ቤት የዘፈን ጀመዓ ይሰበሰባል። አንዱ ይመራል፣ የቀረው ሁሉ ይቀበላል። እዚያ ቤት ዝም ብሎ አድማጭ የሚባል የለም። ሻይ ብቻ ጠጥቶ ሊወጣ የገባ እንግዳ እንኳ አፉን ካልከፈተ፣ "ሰውየው ታሟል እንዴ?" ብለው ይጠይቁለታል። የጀመዓው ሬይስ፣ አለቃ ማለት ነው፣ ሚትዋሊ የሚባል ነው፤ መረብ ይሸጣል፣ አጭርና ወፍራም ነው፣ ድምፁ የመርከብ ጥሩምባ ያህላል። የበድሪያ ታላቅ ወንድምም ነው። ሻዝሊ በዚህ ጀመዓ ውስጥ ሲምሲሚያ ሲመታ ጥርሱን ነቅሏል። እና አንድ ሐሙስ፣ ድፍረቱን አሰባስቦ፣

"ሬይስ፣ አንድ ነገር ልለምንህ" አለ።

"እህቴን ልትመልስልኝ ካልሆነ ለምነኝ" አለ ሚትዋሊ።

"'ገመዱን ያዢው' ከመጀመሩ በፊት፣ ግጥሙና ዜማው የሻዝሊ ነው ብለህ ብትናገር ብዬ ነው።"

"ለማን ብዬ ልናገር? ሁላችንም እናውቃለን!"

"ካወቃችሁማ መናገሩ ምን ይከብዳል?"

ሚትዋሊ ጺሙን አሻሸ። ከዚያ ዓይኑ ከመታጠቢያው አጠገብ በቆመው በፊክሪ ላይ አረፈ። ፊክሪ የሻይ ቤቱ ብርጭቆ አጣቢ ነው።

"እሺ" አለ ሚትዋሊ፤ "እንግዲያው ብርጭቆውን ያጠበው ፊክሪ ነው ብዬም ልናገራ!"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ፊክሪ ነበር።

ሻዝሊ ተነሣ። ሲምሲሚያውን ከረጢቷ ውስጥ ከተተ። በክብር ወጥቶ መሄድ ነበር ሐሳቡ፤ ነገር ግን የከረጢቷ ማሰሪያ ተወሳስቦ አልፈታም፣ አልታሰርም አለው። ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ፊክሪ እርጥብ እጁን በሽርጡ ጠርጎ መጣና አሰረለት።

"ስሜ እስኪጠራ ድረስ እዚህ ቤት አልቀመጥም" አለ ሻዝሊ፣ እንደምንም ደረቱን ነፍቶ። "የራሴን ካሴት አወጣለሁ። ብቻዬን! ያለ እናንተ ጩኸት ዘፈኑ እንዴት እንደሚያምር ያን ጊዜ ትሰማላችሁ።"

"ብቻህን?" አለ ሚትዋሊ። "ሰው ብቻውን የሚዘፍነው ገላውን ሲታጠብ ነው። ሂድ እንግዲህ፣ ሳሙና እንዳትረሳ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዝሊ ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ ዋለ። ይህ ለበድሪያ ትልቅ መከራ ሆነ። ፀሐይ ስትበርድ መቀመጥ ያቅተዋል። ተነሥቶ የመስኮቱን ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፣ ቤት ላለችው ካናሪ ወፍ ያፏጫል፣ ከዚያ የበድሪያን የቅመም ጣሳዎች በቁመታቸው ይደረድራል። በማግስቱ በድሪያ ከሙን ብላ ስታነሳ ቀረፋ ይወጣል።

"ከወንድሜ ጋር ታረቅ" ትለዋለች። "ለሱ ብዬ መሰለህ? ለጣሳዎቼ ብዬ ነው።"

"ስሜን ይጥራ!"

"እኔ እጠራልሃለሁ። ሻዝሊ! ሻዝሊ! ይኸው፣ ጠገብክ?"

"እንደዛ አይደለም" ይላል እያኮረፈ። እውነቱ ግን ጀመዓው ናፍቆት ነበር። ስሙም እንዲጠራ ይፈልጋል፣ ቦታውም እንዳይያዝበት ይሰጋል። ካሴቱ ካማረ በኩራት ይመለሳል። ካላማረ ግን በምን ፊቱ?

ካሴት አሳታሚ ደጅ አልጠናም። ከሲጋራው ቆጥቦ ወደ ቢሻይ ፎቶ ቤት ሄደ። ቢሻይ የሰርግ ፎቶ የሚያነሣ፣ ከጓሮው ባለች ክፍል ደግሞ ለዘፋኞች ድምፅ የሚቀዳ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። የክፍሏ ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል። ሻዝሊ ከመካከል ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ "ገመዱን ያዢው"ን ጀመረ።

ቢሻይ ትንሽ ሰማና ማሽኑን አቆመ።

"አጎት ሻዝሊ፣ ለምንድነው የምታቆመው?"

"የት ጋ አቆምኩ?"

"አንድ ስንኝ ትላለህ፣ ከዚያ ዝም። ደግሞ አንድ ስንኝ፣ ከዚያ ዝም።"

"ዝም አላልኩም። እጄ እየመታ ነው።"

"እጅህማ እየመታ ነው። አፍህ ግን ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።"

"ማንን ነው የምጠብቀው? ብቻዬን አይደለሁ እንዴ?"

እንደገና ጀመሩ። ሻዝሊ ዓይኑን ጨፈነ። ስንኙ ሲያልቅ ግን አፉ በራሱ ጊዜ ተዘጋ፤ አገጩም ቀና አለ። በጀመዓው ውስጥ መሪው "ተቀበሉ" ሲል አገጩን እንዲህ ቀና ያደርጋል። ሻዝሊ አገጩን ቀና ያደረገው ለእንቁላል ካርቶኑ ነበር። ካርቶኑም አልተቀበለውም።

"ለምን ራስህ አትቀበልም?" አለ ቢሻይ።

ሻዝሊ ሞከረ። "ገመዴን ጣልኩልሽ" ብሎ፣ ከዚያ በዚያው ድምፁ "ያዢው እንጂ፣ ያዢው!" አለ። መልሰው ሲሰሙት የራሱን በር አንኳኩቶ "ማነው?" የሚል ሰው መሰለ። ሳያቋርጥ ስንኙን ከስንኝ አያይዞ እንዲዘፍንም ሞክረው ነበር፤ ደረጃ ላይ እንደሚንከባለል ሰው ትንፋሹ ተቆርጦ፣ ቃሉ ተምታቶበት፣ በገመዱ ፈንታ በድሪያን ራሷን ውኃ ውስጥ ጣላት።

"ግዴለም፣ እንዳለ ተወው" አለ ሻዝሊ በመጨረሻ፣ ላቡን እየጠረገ። "ክፍተቱ ራሱ ክብር አለው። የብቻ ዘፈን እርጋታ ያስፈልገዋል።"

"ክብር ነው ካልክ ክብር ይሁን" አለ ቢሻይ። ከደንበኛ ጋር አይከራከርም።

ለሽፋኑም ፎቶ አነሣው። በድሪያ የሰርጉን ኮት ካልለበስክ ብላ ድርቅ አለች። ኮቱ ትከሻው ላይ ልክ ነው፣ ሆዱ ላይ ግን ቁልፉና ቀዳዳው የማይተዋወቁ ዘመዶች ሆነዋል። ስለዚህ ሲምሲሚያዋን ሆዱ ላይ አስደገፉለት። ከፎቶው በላይ "ሻዝሊ፣ ብቻውን" ተብሎ ተጻፈ። ሻዝሊ ሽፋኑን አይቶ አይጠግብም ነበር። በድሪያም አየችውና፣ "ብቻውን ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ ኮቱን ተኩሼ አሁንም ወገቤን ያመኛል" አለች።

ካሴቶቹ የተባዙ ዕለት ወደብ ዳር ኪዮስክ ላላት ለሰኒያ ጥቂቱን ሰጥቶ፣ አንዱን ይዞ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ዓርብ ነበር። በድሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ትልልቅ ዓሣዎች ከጀርባቸው ሰንጥቃ በትሪ ላይ ዘርግታለች። በላያቸው የሚነሰነሰውን ቃሪያና ቲማቲም ከትፋለች፤ አሁን ነጭ ሽንኩርቱን ከከሙን ጋር ትወቅጣለች። ትሪው ከዚያ ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ምድጃ ይሄዳል። ሻዝሊ ቴፑን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ካሴቱን ከፈተው።

"ገመዴን ጣልኩልሽ፣ ከመርከቤ ሆኜ" አለ ሻዝሊ ከቴፑ ውስጥ።

"ያዢው እንጂ፣ ያዢው" አለች በድሪያ።

"ዝም በይ እስኪ፣ ልስማበት!"

"ማን ተናገረ?"

"አንቺ ነሻ! ያዢው ያዢው እያልሽ!"

"እኔ? እኔ ሽንኩርት እየወቀጥኩ ነው።"

መልሶ አጠነጠነው። አሁን በድሪያ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ያዘች። ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ግን ሙቀጫው፣ ዱም ዱም ደደም፣ ዱም ዱም፣ ብሎ ተቀበለ። ሻዝሊ አፈጠጠባት። በድሪያ ዘነዘናውን ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

"ሻዝሊዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ቦታ ትተህልኛል እኮ! ሰው በሩን ከፍቶ ግቢ ካለኝ በኋላ ለምን ገባሽ ይለኛል?"

ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፍተው በድሪያ በሻርፗ አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያን ጊዜ ሻዝሊ ካሴቱን በደንብ ሰማው። አንድ ስንኝ፣ ከዚያ ባዶ። አንድ ስንኝ፣ ከዚያ ባዶ። ባዶው ውስጥ ደግሞ ሲምሲሚያዋ በር ላይ ቆማ የቀረች እንግዳ ትመስላለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ የእያንዳንዱን የጀመዓ ሰው ድምፅ ለይቶ ማወቅ ይችል ነበር፤ ይሄ የሚትዋሊ ቦታ ነው፣ ይሄ ያ ጥርስ የሌለው አናጢ የሚያፏጭበት ነው፣ እዚህ ጋ ፊክሪ ብርጭቆ በማንኪያ ይመታል።

"ቀዳዳ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ሁለመናው ቀዳዳ። እንደ ወንድምሽ መረብ።"

"ታዲያ መረብ እኮ..." ስትል በድሪያ፣ ሻዝሊ በነጠላ ጫማው ወጥቶ ሄዷል።

ሰኒያ ኪዮስኳ ውስጥ ተቀምጣ የሱፍ ፍሬ ትበላለች።

"ካሴቶቹን መልሺልኝ" አላት እያለከለከ።

"ደግሞ ምን ሆንክ? ትናንት ነው እኮ ያመጣኸው። ለማንኛውም አንዱ ሄዷል።"

"ማን ወሰደው?"

"ሬይስ ሚትዋሊ። በዋጋ እንኳ አልተከራከረኝም። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።"

ሻዝሊ የቀሩትን ታቅፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዓሣው ከምድጃ ሲመጣ ጭንቅላቱን ብቻ በላ፤ በድሪያም ከዚያ በኋላ አላሾፈችበትም። እሱን ይበልጥ ያስፈራው ይህ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማሻገሪያዋ ጢም ብላ ሞልታለች። ሁለት ዳክዬ በቅርጫት የያዘች ሴት አለች፣ ወታደሮች አሉ፣ ከዘመድ ጥየቃ የሚመለሱ ቤተሰቦች አሉ። ያ መልሕቅ የተጠለፈበት ሹራብ የለበሰ ሰውም የመርከቧን የብረት አጥር ተደግፎ ቆሟል። ሻዝሊ ገመዱን ሰብስቦ መርከቧ ልትንቀሳቀስ ስትል፣ ሬይስ ሚትዋሊ ዘሎ ገባ። በትከሻው ቴፕ ተሸክሟል። ከኋላው የጀመዓው ሰዎች ተከትለውታል፤ ፊክሪም አለ፣ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም።

ሻዝሊ ወደ መውጫው አየ። መርከቧ ግን ከዳሩ ተላቃለች፤ በእሷና በመሬት መካከል አረንጓዴ ውኃ እየሰፋ ነው።

"እናንተ ሰዎች!" አለ ሚትዋሊ፣ የመርከቧ ጥሩምባ የተነፋ ይመስል። "ብቻዬን ነኝ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ኑ ስሙ!"

ቴፑን የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀምጦ ከፈተው።

ገመዴን ጣልኩልሽ፣ ከመርከቤ ሆኜ...

ከዚያ ባዶው መጣ። የሚሰማው ሞተሩና ሲምሲሚያዋ ብቻ ነው። ሚትዋሊ እጆቹን አጣምሮ፣ "ሰማችሁ?" በሚል ፊት ዞር ዞር ብሎ አየ። ሻዝሊ ገመዱን እንደያዘ ዓይኑን ውኃው ላይ ተከለ። ከወንበዴ የሚሸሽ ሰው መንገድ አያጣም፤ እሱ ደግሞ ከራሱ ድምፅ ነበር መሸሽ ያማረው።

ቦዩ ምን ሊሆነኝ፣ አንቺን ተማምኜ...

"ያዢው እንጂ፣ ያዢው" አለች ባለ ዳክዬዋ ሴት፣ የቅርጫቷን ክዳን እያስተካከለች። እንዳለችም ያወቀች አትመስልም።

ማዶ ለማዶ ስል፣ ስመላለስ ውዬ...

"ያዢው እንጂ፣ ያዢው!" አሉ ወታደሮቹ።

በሚቀጥለው ክፍተት ሕፃን የታቀፉ እናቶች ተቀበሉ፣ ከዚያ ብስክሌት የያዙ ሰዎች በደወላቸው ተቀበሉ፣ ከዚያ መርከቧ ሁሉ። የጀመዓው ሰዎች ሚትዋሊን ፈርተው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ያ ጥርስ የሌለው አናጢ ግን የሚነክሰው ስላልነበረው አመለጠው፤ አፏጨ። ፊክሪ ከኪሱ ማንኪያ አውጥቶ የብረት አጥሩን መታ። ሚትዋሊ ራሱ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ አንገቱ አብጦ፣ እግሩ ከታች ሳያዝዘው ምቱን እየመታበት ጥቂት ታገለ። ከዚያ እንደ ተያዘ ማስነጠስ ፈነዳ።

"ያዢው እንጂ፣ ያዢዪዪው!"

በቦዩ የሚያልፍ ትልቅ መርከብ ሠራተኞች ከላይ ሆነው እጃቸውን አውለበለቡ። ዳክዬዎቹም ጮኹ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ለራሱ አጨበጨበ።

"ይሄ ካሴት የት ይሸጣል?" አለች አንዲት ሴት። "ዘፋኙ ጥሩ አርጎ ቦታ ይለቃል። እነዚያ የሬዲዮዎቹ እኮ ሰው አያስገቡም።"

ባለ መልሕቁ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዘፈኑ የአያቴ ነው። ቃሉን ግን አበላሽቶታል፤ 'ረዘመብኝ' ነው የሚለው።"

ሚትዋሊ ዞረ። ለመናደድ ደርሶ ነበር፤ ንዴቱን የሚጥልበት ቦታ ነበር ያጣው።

"የምን አያት?" ብሎ ጮኸ። "አያትህን በደንብ ነው የማውቃቸው! ዓሣ ሻጭ ነበሩ፣ ሲጣሩ ዓሣው ራሱ ይደነግጥ ነበር! ይህን ዘፈን ያወጣው ይሄ ገመድ ይዞ የተገተረው ሞኝ ነው! ሻዝሊ! ግጥሙም የሻዝሊ ነው፣ ዜማውም የሻዝሊ ነው! ለእህቴ ነው ያወጣው፤ ከመስኮታችን ሥር ሲያላዝን እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩት እኔ ነኝ! 'ራሰብኝ' ነው ካለ ራሰብኝ ነው!"

ሰው ሁሉ ወደ ሻዝሊ ዞረ። ሻዝሊ ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቡ ስሎት ነበር፤ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሶ፣ ስሙ በእርጋታ ሲጠራ፣ እሱም ቀስ ብሎ ጎንበስ ሲል። አሁን ግን ስሙ ከስድብ ጋር ተጠቅልሎ መጣለትና፣ ቆሻሻ ገመድ እንደታቀፈ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገራችሁንም?" አለ ባለ መልሕቁ፣ ተቆጥቶ ሳይሆን ተደንቆ።

ሚትዋሊ ቴፑን ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው፣ ዘጋው።

"ሁላችንም እናውቃለን ብዬ ነዋ" አለ፣ ማንም ከሱ ሰምቶት በማያውቅ ትንሽ ድምፅ።

ከላይ የካፒቴኑ ድምፅ መጣ፤ "ሻዝሊ! ዳር ደርሰናል! ገመዱን!"

መርከቧ የዳሩን ጎማ ገጭታ ሁሉንም አንገዳገደቻቸው። ዳር ላይ ገመድ የሚቀበለው ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሻዝሊ ደንግጦ ወረወረው። ያን ጊዜ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ መርከቧ ሙሉ ሰው፣ "ያዢው እንጂ፣ ያዢው!" አለ። ሠራተኛው ባለ ትልቅ ጺም ጎልማሳ ነውና እየተሳደበም እየሳቀም ያዘው።

ሚትዋሊ ሲወርድ በሻዝሊ አጠገብ አለፈ። አልተያዩም።

"ሐሙስ አትቅር" አለው ወደ ውኃው እያየ። "ሲምሲሚያ የሚመታልን ሰው የለም። አናጢው ሞክሮ ነበር፣ ለእሷ አዘንን።"

ሻዝሊ ማታ ቤቱ ገብቶ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት በድሪያ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ በተለይ ስለ መስኮቱ የተባለውን።

"እውነቱን ነው፣ ታላዝን ነበር" አለች። "እኔ መስኮቱን የከፈትኩት እንድታቆም ብዬ ነው።"

ካሴቶቹን በማግስቱ ወደ ሰኒያ መለሳቸው። ሰኒያ እንደምትለው ካሴቱን በስሙ የሚጠይቃት የለም፤ "ያንን እኛ የምንቀበልበትን ስጪን" ነው የሚሏት። ሽፋኑ ላይ "ሻዝሊ፣ ብቻውን" የሚለውን ያነበበ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ከዚያ ይገዛል።

ሐሙስ ፀሐይ ስትበርድ ሻዝሊ ሲምሲሚያውን ይዞ ሻይ ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ቦታው ባዶ ነበር። ወንበሩ ላይ ኮት ጣል አድርገው ይዘውለታል። የማን ኮት እንደሆነ ሲያይ የሚትዋሊ ነው። ተቀመጠ። ከረጢቷን ፈታ፤ በዚያ ቀን ማሰሪያው እሺ አለው።

ሚትዋሊ ተነሥቶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ።

"'ገመዱን ያዢው'" አለ። "ግጥምና ዜማ፣ ሻዝሊ።" ወደ መታጠቢያው ዞሮ ደግሞ፣ "ብርጭቆ ያጠበው፣ ፊክሪ።"

አንዳንዱ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ፊክሪ ግን አልሳቀም። ከመታጠቢያው ፈቀቅ ብሎ፣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ ሽርጡን አስተካክሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህን ያየ ሳቁን መለሰ።

ሻዝሊ አውታሩን ነካ። የመጀመሪያውን ስንኝ አለ፣ ከዚያ አፉን ዘግቶ አገጩን ቀና አደረገ።